የነባር ሕዝቦችን ተመራጭ አማካሪ ምክር ቤት የሚያቋቁም ሕግ እንዴት ይገመገማል?

አንድ አገር ለነባር ሕዝቦቹ በምርጫ የሚቋቋም አማካሪ ምክር ቤት ሲያበጅ፣ ከሕጉ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው “የምክር ቤቱ ሥልጣንና ተግባር” የሚለው አንቀጽ ነው። አብዛኛው ገምጋሚ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ጊዜውን የሚያባክነውም እዚያው ነው። የሥልጣን ዝርዝር በየትኛውም አገር ያማረ ነው፤ አርቃቂ እዚያ ላይ አይቆጥብም። የሕጉ ብርታት የሚታወቀው ግን መንግሥት ምን ግዴታ እንዳለበት፣ መራጩ ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍና ምክር ቤቱን ማን ሊያፈርሰው እንደሚችል በሚናገሩት፣ ማንም ደስ ብሎት በማያነባቸው አንቀጾች ነው።

መመሪያው የሚያገለግለው ለሕግ ተማሪ፣ ለፖሊሲ ባለሙያ፣ እንዲሁም በአውስትራሊያ ወይም በኖርዲክ አገሮች ኖሮ መንግሥት “በሕጉ ላይ አስተያየት ስጡ” ሲል ጥሪው ለሚደርሰው አማርኛ አንባቢ ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከአውስትራሊያና በኖርዌይ፣ በስዊድንና በፊንላንድ የሚኖረው ነባር ሕዝብ፣ ሳሚ፣ ካሉት ሦስት ፓርላማዎች ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛን የፌዴሬሽን ምክር ቤት መለኪያ አድርጎ መነሳት ያሳስታል። እሱ ሕገ መንግሥት የሚተረጉም የመንግሥት አካል ነው፤ እዚህ የምንነጋገርባቸው ግን በመሠረቱ ምክር ሰጪዎች ናቸው፤ የሳሚ ፓርላማዎች ከምክር ያለፈ የተወሰነ የማስተዳደር ሥራ ቢኖራቸውም።

1. ሰነዶቹን በቅጡ ይሰብስቡ

መጀመሪያ የሚያስፈልገው እስከ ዛሬ የተደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ የገቡበት የሕጉ ቅጂ ነው። ከጎኑ ሕጉ መጀመሪያ ሲወጣ የነበረውን ጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ከቀረው አንቀጽ ይልቅ የተሰረዘው ብዙ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ሐተታ ዘምክንያቱ፣ የፓርላማው ቃለ ጉባኤ፣ ሕጉን ተከትለው የወጡ ደንቦች፣ የምክር ቤቱ ዓመታዊ ሪፖርቶችና የበጀት ሰነዶች ይከተላሉ። ደንቦቹን አይዝለሉ፤ የዕጩ ምዝገባው፣ አበሉና የድምፅ አሰጣጡ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የተደበቀው እዚያ ነው።

የኖርዌይ ሕጎች ሎቭዳታ፣ የፊንላንድ ሕጎች ደግሞ ፊንሌክስ በተባሉት የመረጃ ቋቶች በነፃ ይገኛሉ፤ የእንግሊዝኛ ትርጉም የተሠራላቸውም አሉ። ትርጉሙ ሕጋዊ ኃይል የለውም፤ ከማሻሻያውም ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ከመጥቀስዎ በፊት እስከ የትኛው ማሻሻያ ድረስ እንደተተረጎመ ያረጋግጡ።

2. “ማን ግዴታ አለበት?” ብለው ያንብቡ

ሕጉን ያትሙና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ይያዙ። በአንዱ “ምክር ቤቱ … ይችላል” የሚሉትን ያስምሩ፤ በሌላው “ሚኒስትሩ”፣ “መሥሪያ ቤቱ” ወይም “አፈ ጉባኤው … አለበት” የሚሉትን። ሲጨርሱ ገጾቹን ያገላብጡ። የመጀመሪያው ቀለም ሞልቶ ሁለተኛው ከጠፋ፣ የተሰጠው መብት “ላም አለኝ በሰማይ” ነው። ለመምከር ሕግ አያስፈልግም፤ ማንም ዜጋ ደብዳቤ ጽፎ መምከር ይችላል። ሕግ የሚያስፈልገው መንግሥት እንዲጠይቅ፣ እንዲያዳምጥና እንዲመልስ ለማስገደድ ነው።

የኖርዌይ ሕግ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። የ1987ቱ የሳሚ ሕግ አንቀጽ 2-2 ሌሎች የመንግሥት አካላት የሳሚ ፓርላማን የሥራ ዘርፍ በሚነካ ጉዳይ ከመወሰናቸው በፊት ፓርላማው ሐሳቡን እንዲገልጽ ዕድል “ሊሰጡ ይገባል” ይል ነበር። ይገባል እንጂ “አለባቸው” አይልም ነበር። በ1989 የተከፈተው ፓርላማ በዚህ ለስላሳ ቃል ለዓመታት ሠራ። በ2005 ከመንግሥት ጋር የምክክር ሥነ ሥርዓት ስምምነት ተደረገ፤ በ2021 ደግሞ የመመካከር ግዴታው ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሆኖ ሕጉ ውስጥ ገባ። ከይገባል ወደ ስምምነት፣ ከስምምነት ወደ ግዴታ ለመድረስ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቷል። የሚገመግሙት ሕግ በዚህ መንገድ የቱ ጋ እንዳለ ይጠይቁ።

ግዴታ ሲያገኙም ቶሎ አይርኩ፤ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ያንብቡ። የፊንላንድ የ1995 የሳሚ ፓርላማ ሕግ አንቀጽ 9 ባለሥልጣናት ከፓርላማው ጋር እንዲደራደሩ ያስገድድ ነበር። “መደራደር” ትልቅ ቃል ነው። ወረድ ሲሉ ግን ባለሥልጣኑ ፓርላማው እንዲሰማና እንዲወያይ ዕድል ከሰጠ ግዴታውን እንደተወጣ፣ ፓርላማው ዕድሉን ሳይጠቀምበት ቢቀርም ሥራው ከመቀጠል እንደማይታገድ ያነባሉ። ድርድር የተባለው ሁለት መስመር ሳይሄድ የስብሰባ ጥሪ ሆነ።

የደቡብ አውስትራሊያ ክፍለ ግዛት መጋቢት 26 ቀን 2023 ያጸደቀው የቀዳሚ ሕዝቦች ድምፅ ሕግ ሌላ መንገድ ይዟል። በሕጉ የተቋቋመው፣ “ድምፅ” የተባለው የክፍለ ግዛቱ ተመራጭ አካል በረቂቅ ሕጎች ላይ ፓርላማው ውስጥ ቀርቦ የመናገር መብት አለው፤ ከካቢኔውም ጋር ይገናኛል። በአካል ቀርቦ መናገር ከደብዳቤ በላይ ክብደት አለው፤ ንግግሩ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፣ ጋዜጠኛ ይሰማዋል። የገምጋሚው ሥራ ከንግግሩ በኋላ ያለውን መጠየቅ ነው።

ለእያንዳንዱ ግዴታ እነዚህን ይመልሱ፦ ግዴታው የሚጀምረው ሐሳቡ ገና ሲጸነስ ነው ወይስ ረቂቁ ካለቀ በኋላ? መልስ መስጠት ግዴታ ነው? በጽሑፍ ነው? በስንት ቀን? ምክሩ ውድቅ ሲሆን ምክንያት ይገለጻል? ግዴታው ቢጣስ ምን ይከተላል? በመጨረሻው ላይ “የዚህ አንቀጽ አለመፈጸም የወጣውን ሕግ አያፈርስም” ዓይነት ሐረግ ካለ ይፈልጉ። ሐረጉ ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ፓርላማዎች የውስጥ ሥነ ሥርዓታቸውን ለፍርድ ቤት አሳልፈው መስጠት አይወዱም። ነገር ግን ሐረጉ ካለ ሌላ ማስፈጸሚያ፣ ለምሳሌ ይፋ የሚወጣ ሪፖርት፣ መኖሩን ማሳየት አለብዎት።

3. የመራጮች መዝገቡን ይመርምሩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት ያጥፉ። “ነባር ሕዝብ” ማን ነው የሚለውን የሚወስነው አንቀጽ ምክር ቤቱን ያቆማል ወይም ከሥሩ ይነቅለዋል።

በኖርዌይ በሳሚ መዝገብ ለመግባት ሰውየው ራሱን ሳሚ ብሎ ማመን አለበት። በተጨማሪም የቤት ቋንቋው ሳሚ መሆን፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ አለዚያም ከቅድመ አያቶቹ የአንዱ የቤት ቋንቋ ሳሚ የነበረ መሆን፣ ወይም ወላጁ በመዝገቡ የሰፈረ መሆን ይኖርበታል። ስዊድን በአያት ላይ ቆማለች። አንድ ትውልድ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ትምህርት ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ልጆችን ከቋንቋቸው ባራቁበት ምድር ግን ስንት ቤተሰብ ከመዝገብ እንደሚወጣ የሚወስነው ይኸው አንድ ትውልድ ነው።

ፊንላንድ በዚህ ጉዳይ ክፉኛ ተቸግራለች። የ1995ቱ ሕግ ከቋንቋው መለኪያ ጎን በድሮ የመሬት፣ የግብር ወይም የሕዝብ መዝገብ “ላፕ” (የሳሚ የድሮ መጠሪያ) ተብለው የተጻፉ ሰዎችን ተወላጆችም ያስገባ ነበር። የፓርላማው የምርጫ አካል ያልተቀበላቸው ሰዎች ይግባኝ አሉ፤ ጠቅላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ በ2015 ብቻ 93 ሰዎች እንዲመዘገቡ ወሰነ። የሳሚ መሪዎች “የራሳችንን አባል የመለየት መብታችን ተነጠቀ” ብለው ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ አቤት አሉ። ኮሚቴው በ2019 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ፊንላንድ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን መጣሷን አረጋገጠ። የማሻሻያ ረቂቁ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ሲንከባለል ቆይቶ የጸደቀው በ2025 ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ጥያቄ ይህ ነው፦ በመዝገቡ ላይ የመጨረሻው ቃል የማን ነው? የምክር ቤቱ ራሱ፣ የመንግሥት ምርጫ ቦርድ ወይስ የፍርድ ቤት? ይግባኝ ጨርሶ የማይፈቅድ ሕግ ግለሰቡን ይበድላል። ፍርድ ቤቱ የማኅበረሰቡን ውሳኔ ገና ከመጀመሪያው ደግሞ እንዲወስን የሚፈቅድ ሕግ ደግሞ ማኅበረሰቡን ይበድላል። በእኔ ግምት ፍርድ ቤቱ ሥነ ሥርዓቱ መጠበቁንና ውሳኔው የዘፈቀደ አለመሆኑን ብቻ እንዲመረምር መገደቡ የተሻለው መንገድ ነው። ይህን የማይቀበሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እርስዎም አቋምዎን ከነምክንያቱ ይጻፉ።

4. የመራጩን ቁጥር ከማወዳደርዎ በፊት ታሕቱን ይዩ

በመጋቢት 2024 በደቡብ አውስትራሊያ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ የሰጠው መምረጥ ይችላል ተብሎ ከተገመተው ከ10 በመቶ በታች ነበር። በኖርዌይ የሳሚ ምርጫ ግን ከተመዝጋቢው ከግማሽ በእጅጉ የሚበልጠው ይመርጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ “የአውስትራሊያው ከሽፏል” ማለት ቀላል ነው፤ ብዙዎችም ብለዋል።

ታሕቶቹ፣ ማለትም መቶኛው የተሰላባቸው ጠቅላላ ቁጥሮች፣ ግን አይገናኙም። በኖርዌይ መዝገቡ በፈቃደኝነት ነው፤ አመልክቶ የተመዘገበ ሰው ከመነሻው ፍላጎት ያለው ነው፣ ምርጫውም ከአገሪቱ ፓርላማ ምርጫ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። በ2021 መዝገቡ ላይ የነበሩት ከ20,000 ትንሽ በልጠው ነበር፤ ሳይመዘገብ የቀረው ሳሚ በስሌቱ ውስጥ የለም። በደቡብ አውስትራሊያ የተለየ የነባር ሕዝቦች መዝገብ ስለሌለ ታሕቱ ከሕዝብ ቆጠራ የተገመተው ጠቅላላ ቁጥር ነው። ሌላም አለ፤ አውስትራሊያዊ በመደበኛ ምርጫ ድምፅ ካልሰጠ ይቀጣል፣ በዚህኛው ግን መምረጥ በፈቃድ ነው።

ይህን ሁሉ ካሉ በኋላም አነስተኛ ቁጥር አነስተኛ ነው፤ አያድበስብሱት። የምርጫ ጣቢያዎቹ የት ነበሩ? በሩቅ መንደሮች የቆዩት ለስንት ሰዓት ነው? ቅስቀሳው በየትኛው ቋንቋ ተካሄደ? የመምረጫው ዕድሜስ? በሌላዋ የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛት በቪክቶሪያ የቀዳሚ ሕዝቦች ጉባኤን መምረጥ የሚቻለው ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው። ቁጥሩን የሚያነሳው የትኛው ለውጥ እንደሆነ የሚነግርዎት ይህ ምርመራ እንጂ መቶኛው አይደለም።

5. መቀመጫዎቹን በካርታ ላይ ያስቀምጡ

የደቡብ አውስትራሊያ ሕግ ክፍለ ግዛቱን በስድስት ክልል ይከፍላል። ማዕከላዊው 11 አባላት፣ ሌሎቹ አምስቱ እያንዳንዳቸው 7 ይመርጣሉ፤ ድምሩ 46 ነው። ከእያንዳንዱ ክልል በጾታ የሚለያዩ ሁለት ሰብሳቢዎች ተመርጠው 12 አባላት ያሉት የክፍለ ግዛቱ ድምፅ ይቋቋማል። መራጩ በቀጥታ የሚመርጠው የክልሉን ነው፤ ፓርላማ ገብቶ የሚናገረው በተመራጮች የተመረጠው ነው። ሩቅ በረሃ ያለ ሕዝብ ከከተማው እኩል ሁለት መቀመጫ ያገኛል፤ ብዙ ሕዝብ ያለው ዋና ከተማው አዴላይድም ከሁለት አያልፍም።

ፊንላንድ 21 መቀመጫ አላት፤ ከአራቱ የሳሚ መኖሪያ ወረዳዎች ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ ሦስት አባል መግባት አለበት። አብዛኛው የአገሪቱ ሳሚ አሁን ከዚያ አካባቢ ውጭ ነው የሚኖረው። መሬቱና ቋንቋው ያለበት ቦታ ይመዝናል ወይስ የሰው ብዛት? ትክክለኛ መልስ የለውም፤ ሕጉ የመረጠውን በግልጽ መናገርና ማን እንደተጎዳ ማሳየት ግን የገምጋሚ ግዴታ ነው። ለባህላዊ የመሬት ባለቤቶች የተጠበቀ መቀመጫ ካለ፣ እንደ ቪክቶሪያው፣ አመራረጡን ለብቻ ይገምግሙ።

6. ገንዘቡንና ጽሕፈት ቤቱን ይከተሉ

ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ በጀቱ በሕግ የተጠበቀ መሆኑን፣ የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ የሚሾመው ማን እንደሆነ፣ ሠራተኞቹ ተጠሪነታቸው ለማን እንደሆነ። አማካሪ የሚባለው አካል ሠራተኛ ከሚመክረው ሚኒስቴር የተዋሰ ከሆነ በግምገማዎ ላይ በደማቁ ይጻፉት።

ስዊድን ለየት ያለ ምሳሌ ናት። በ1993 ሥራ የጀመረውና 31 አባላት ያሉት የሳሚ ፓርላማ በሕዝብ የተመረጠ ጉባኤም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ነው። ሰብሳቢውን የሚሾመው መንግሥት ነው፤ ፓርላማው ባቀረበው ዕጩ መሠረት ቢሆንም። የመራጩን ቁጣ ይዞ መንግሥትን መቃወም ያለበት አካል፣ በማግሥቱ የዚያኑ መንግሥት ደንብ ያስፈጽማል። እንዲህ ያለ ድርብ ሚና ሲያገኙ አንቀጾቹን በሁለት ዓምድ ለይተው ይጻፉ፤ ግጭቱ የት ላይ እንደሚፈነዳ ወዲያው ይታያል።

ገንዘብ በእጅ መያዝም የራሱ ጣጣ አለው። የአውስትራሊያው አትሲክ በመባል የሚታወቀው የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴት ሕዝቦች ኮሚሽን በ1990 ሥራ ሲጀምር ምክርም ይሰጥ፣ ፕሮግራምም ያስተዳድር፣ ገንዘብም ያከፋፍል ነበር። ጤናን የሚመለከተው ሥራ በ1995 ወደ ጤና መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ የነባሩ ሕዝብ ጤና ባልተሻሻለ ቁጥር ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ አትሲክ ነበር። ስለዚህ ሕጉን ሲገመግሙ ምክር ቤቱ የሚወቀስበትንና በእውነት የሚያዝበትን ነገር ያስተያዩ።

7. ማን ሊያፈርሰው ይችላል?

አውስትራሊያ ከ1973 ጀምሮ በአገር ደረጃ ሦስት ተመራጭ አካላትን አቋቁማ አፍርሳለች። የመጀመሪያው በ1977 በሌላ ተተካ፤ ሁለተኛው በ1985 ተዘጋ፤ አትሲክ በ2005 በሕግ ተሻረ። አንዳቸውም የሕገ መንግሥት መሠረት አልነበራቸውም። አራተኛውን በሕገ መንግሥት ለማጽናት ጥቅምት 14 ቀን 2023 የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በ60 በመቶ ገደማ ተቃውሞ ወደቀ፤ በአንድም ክፍለ ግዛት አብላጫ አላገኘም።

የኖርዌይ ሕገ መንግሥት ከ1988 ጀምሮ ሳሚዎች ቋንቋቸውን፣ ባህላቸውንና ማኅበራዊ ሕይወታቸውን እንዲጠብቁ ሁኔታዎችን የማመቻቸት ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል። ፓርላማውን ግን በዚያ አንቀጽ በስም አልጠቀሰም ነበር። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ለማፍረስ የሚነሳ ሰው አንቀጹን መጋፈጥ አለበት።

በሚገመግሙት ሕግ ውስጥ ሚኒስትሩ አባል የማሰናበት፣ ምክር ቤቱን የማገድ ወይም ምርጫን የማዘግየት ሥልጣን እንዳለው ይፈልጉ። ካለው ምክንያቶቹ ተዘርዝረዋል? አባሉ ከመሰናበቱ በፊት ይሰማል? ምርጫው የሚዘገየው በሕግ ነው ወይስ በደብዳቤ?

8. የግምገማውን ሥነ ሥርዓት ራሱን ይገምግሙ

ብዙዎቹ ሕጎች “ከዚህን ያህል ዓመት በኋላ ይገመገማል” የሚል አንቀጽ አላቸው። ገምጋሚውን ማን እንደሚሾም፣ ሪፖርቱ ለፓርላማ መቅረቡንና መንግሥት መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ያረጋግጡ። የተባበሩት መንግሥታት የ2007 የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ አንቀጽ 19 እነሱን የሚነካ ሕግ ከመውጣቱ በፊት መንግሥታት በራሳቸው በሕዝቦቹ ተወካይ ተቋማት አማካይነት እንዲመካከሩ ይጠይቃል፤ ማሻሻያም ሕግ ነው። የመጀመሪያ ስብሰባዎ ከሚኒስቴሩ ጋር ከሆነ ጅማሬው ተበላሽቷል። ከምክር ቤቱ አባላት፣ ተወዳድረው ከተሸነፉት ዕጩዎችና ድምፅ ካልሰጡት ሰዎች ጋር ይነጋገሩ። የመጨረሻዎቹን ማንም አይጠይቃቸውም፤ ብዙ የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

በግምገማው መሀል መንግሥት የሚገመገመውን ነገር እየለወጠው እንዳይሆን ነቅተው ይጠብቁ። አትሲክን የገመገመው ባለሦስት አባል ቡድን የመጨረሻ ሪፖርቱን ያቀረበው በኅዳር 2003 ነበር፤ የገንዘብ ሥልጣኑ ግን በዚያው ዓመት ሐምሌ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጥቶ አድሮ ነበር። ቡድኑ ሥልጣን ወደ ክልሎች እንዲወርድ መከረ። በሚያዝያ 2004 ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ኮሚሽኑ እንደሚፈርስ አስታወቁ።

9. ግኝቱን ወደ አንቀጽ ይለውጡ

“ምክክሩ ሊጠናከር ይገባል” የሚል የግምገማ ሪፖርት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ግኝት የአሁኑን ጽሑፍ፣ በተግባር የሆነውንና በምትኩ የሚገባውን ቃል ይጻፉ። ለምሳሌ የመልስ ግዴታ የሌለበት ሕግ ሲያጋጥምዎ እንዲህ ብለው ሊያረቁ ይችላሉ፦

“ምክር ቤቱ በጽሑፍ ምክር ሲሰጥ፣ የሚመለከተው ሚኒስትር ምክሩ በደረሰው በ60 ቀናት ውስጥ መቀበሉን፣ በከፊል መቀበሉን ወይም አለመቀበሉን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የምላሹንም ቅጂ ለፓርላማው አቅርቦ ይፋ ያደርጋል።”

ስልሳው ቀን ለምሳሌ ነው። ከዚያ ራስዎ ይሞግቱት፦ አስቸኳይ ረቂቅ ሲመጣ ምን ይሆናል? የበጀት ሕግስ? ሚኒስትሩ ቢዘገይ ማን ይጠይቀዋል? ያልመለሱትን ጥያቄ የመንግሥት ጠበቃ ያገኘዋል።

በመጨረሻ መሸጋገሪያ ድንጋጌውን አይርሱ። የመራጭ መለኪያው ቢቀየር አሁን መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ይቆያል ወይስ እንደገና ያመለክታል? የአባላቱ የሥራ ዘመን በአዲሱ ሕግ ይቆረጣል ወይስ ይጨርሳሉ? አሮጌው ምክር ቤት አብቅቶ አዲሱ እስኪመረጥ ድረስ መንግሥት ማንን ያማክራል? ለዚህ መልሱ “ማንንም” የሆነበት ረቂቅ፣ ስንት ጥሩ አንቀጽ ቢኖረውም፣ የመሸጋገሪያ ቀኖቹ እስኪጻፉ ድረስ ወደ አርቃቂው ይመለስ።